አርባ አንድ ዲግሪ

የወይራ ገደል ኃይል ማመንጫ ዋና በር ሰው ሲቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። «ብቻዎን ነዎት?» ይላል። ድምፁ የሴት ድምፅ ነው፤ የዋህ፣ የማይቸኩል። ወይዘሮ ትርንጎ ሰብስቤ መዳፏን መስታወቱ ላይ ታሳርፍና «ብቻዬን ነኝ» ትላለች፤ በሩ ይከፈታል፤ ትገባለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እንዲሁ ስትል ኖራለች።

ብቻዋን ግን አልነበረችም። ከበሩ በስተግራ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የሲሚንቶ አግዳሚ አለ፤ እዚያ ላይ ጋሽ ደምለው ይቀመጣሉ። ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን ይቀመጣሉ። ጋሽ ደምለው ደጅ ጠኚ ናቸው። የዘመኑ ደጅ ጠኚ እንደ ድሮው ጌታ ፊት ቆሞ ሹመት የሚለምን አይደለም፤ ስሙ ከመዝገብ የወረደ ሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው በር አይከፈትለትም፣ አውቶቡስ አይቆምለትም፣ ሱቅ አይሸጥለትም። አይታሰርም፣ አይመታም፣ ክፉ ቃል እንኳን አይነገረውም። ብቻ በሩ አያየውም።

መላ አለው። ስም ያለው ሰው በሩ ላይ ደርሶ «ሁለት ነን» ካለ ደጅ ጠኚው አብሮት ይገባል። ሕጉ ይፈቅዳል። ነገር ግን «ሁለት ነን» ያለ ሰው መዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ዝቅ ይልበታል ይባላል። ምኑ ዝቅ እንደሚል፣ በስንት እንደሚል የሚያውቅ የለም፤ ስለማይታወቅም ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ስለዚህ ሰው መሬት መሬት እያየ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ይገባል። ትርንጎም ከሰው አትለይም፤ ያውም ሙያውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እኒሁ ጋሽ ደምለው ሆነው ሳለ።

በ2091 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትርንጎ እንደ ልማዷ መሬት መሬት እያየች ገባች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። ሥራዋ መፈረም ነው።

ይህስ ሥራ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ማንኛውም ትልቅ ማሽን ያለ ሰው ፊርማ አይነሳም ይላል ሕጉ። ማሽኑ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚቆም፣ ምኑ እንደሚቀየር የሚወስነው ግን ሰው አይደለም። በወረቀት «የተቀናጀ ውሳኔ ሰጪ ሥርዓት» ይባላል፤ ሠራተኛው «አዋቂው» ይለዋል። አዋቂ ቤት ሄዶ የሚከራከር ስለሌለ ስሙ ጸናበት። መፍታቱንና መግጠሙን ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የብረት ክንዶች ይሠሩታል። የሰው ድርሻ መጨረሻ ላይ መጥቶ መዳፉን ሰሌዳው ላይ ማሳረፍ ነው። ነገሩ ሲያምር የአዋቂው ነው፤ ሲበላሽ የፈራሚው። ጋሽ ደምለውን አግዳሚው ላይ ያስቀመጣቸውም ይኸው ነው። የሁለተኛው ዩኒት ዘይት ውስጥ ውሃ ገብቶ ኩሽኔታው ሲቀልጥ ሰሌዳው ላይ የነበረው ቁጥር ሁሉ ደህና ነበር፤ ፊርማው ግን የእሳቸው ነበር።

በፈረቃው ሁለት ፈራሚዎች አሉ። ሁለተኛው ጉልላት ፈይሳ ይባላል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ የሚተኩስ ሰው ነው። ትርንጎ ስትገባ የሻይ ማሽኑ ጋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ማሽኑ የትርንጎን መዳፍ አነበበና ሻዩን ያለ ስኳር ቀዳ፤ «ለደምዎ ሲባል» አለ። የጉልላትን ሲያነብ ሁለት ማንኪያ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ጉልላት ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚወደው።

«እንኩ እትዬ፣ ኮንትሮባንድ» አለና ወረቀቱን በጠረጴዛው ሥር አቀበላት።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ጉድ ታፈላብኛለህ!» አለችና ተቀበለችው። ይህም በየጠዋቱ የሚባል ነገር ነው።

«ትናንት ሐኪም ቤት ሄደን ነበር» አለ ጉልላት። «ሴት ናት አሉን። እንግዲህ ሦስት ወር ቀራት።»

«እሰይ! እልል ነው እንጂ!» አለች ትርንጎ፤ ደስታዋ ከልቧ ነበር። ጉልላትና ባለቤቱ ስምንት ዓመት ጠብቀው ያገኙት ጽንስ ነው። ሕፃን ሲወለድ የሚመዘገበው በአባቱ ስም ሥር ነው፤ አባቱ ከመዝገብ የወረደ ሕፃን ደግሞ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አላነሱትም።

«ዛሬ ተራው ያንተ ነው አይደል? አራተኛው?»

«የእኔ ነው። አራት ሰዓት ላይ። ክንዶቹ ሌሊቱን ጨርሰው አድረዋል፤ አሁን ሙከራው ይጀምራል።»

አራተኛው ዩኒት የቆመው ያረጀው ኩሽኔታው በአዲስ እንዲቀየር ነው። የውሃው ተርባይንና ጄነሬተሩ በአንድ ዘንግ ተያይዘው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፤ ክብደታቸው ዘጠኝ መቶ ቶን ነው። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በአሥራ ሁለት ፓዶች ላይ ነው። ፓዶቹ ነጭ ብረት የተለበጡ ወፋፍራም ብረቶች ናቸው፤ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ክብ ሠርተው ዘይት ውስጥ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ከሥሩ በአንድ ጉብታ ላይ ተቀምጧል፤ ጉብታው መሐል ለመሐል አይደለም፣ ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ ያለ ነው። ዘንጉ ሲዞር ፓዱ ዘመም ብሎ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ ዘይቱ በዚያ በኩል እንደ ሽብልቅ ይገባና ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ይሠራል። ዘጠኝ መቶ ቶን የሚንሳፈፈው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። ሥራው ከተስተካከለ ብረት ብረትን ሳይነካ ሃያ ዓመት ይዞራል። ፓዱ ዞሮ ከተገጠመ ግን አፍንጫውን ይደፋል፤ ዘይቱ መግቢያ ያጣል፤ ነጩ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀልጣል።

ሙከራው በሁለት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። መጀመሪያ ማንሻው ፓምፕ ዘይት በኃይል ከሥር እየገፋ ሸክሙን ከፓዶቹ ላይ አነሳው። ዘንጉ በዝግታ ዞረ። ከዚያ ለሦስት ደቂቃ ፓምፑ ጠፋና ፓዶቹ ሸክሙን በራሳቸው እንዲችሉት ተደረገ። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ፓምፑ ተመልሶ ተነሳ። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ተደረደሩ፤ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ፣ አርባ፣ አርባ አንድ።

«በዚህ ማመንጫ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ የተሻለ ውጤት ነው» አለ አዋቂው። «እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ጉልላት አጨበጨበ። «አዩ እትዬ? አርባ አንድ ዲግሪ ብቻ! እንዲህ የቀዘቀዘ ኩሽኔታ አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች ትርንጎ። ነገሩ ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሙከራ ቁጥር ስታይ አርባ ስምንት ነው፣ አርባ ዘጠኝ ነው። አዲስ ፓድ ሲገባማ እንዲያውም ከፍ ይላል። ዓይኗን ወደ ሰሌዳው ግርጌ ወሰደች። ከኩሽኔታው ተመልሶ የሚወጣው ዘይት ከወትሮው በሁለት ዲግሪ ይበልጥ ሞቆ ነበር። ፓዱ ቀዝቅዞ ዘይቱን ምን አሞቀው? አዋቂው ይህን አልጠየቀም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው ከተፈቀደላቸው ወሰን በታች ነበሩ።

ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛው ዙር ሙከራ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሰው ማሽን መንካት ከተከለከለ ቆይቷል፤ የእጅ ላብ ነጩን ብረት ያበላሻል በሚል ነው የተጀመረው፤ በኋላ ምክንያቱ ተረስቶ ክልከላው ቀረ። ትርንጎ ልብስ መቀየሪያ ሣጥኗን ከፍታ ከአሮጌ ሹራብ ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል ካቻቢቴ አወጣች። የእንጨት እጀታው በጋሽ ደምለው መዳፍ የለሰለሰ ነው። ጫፉን ኩሽኔታውን በያዘው ብረት ላይ ተከለች፤ እጀታውን ከጆሮዋ በታች ካለው አጥንት ጋር አጣበቀች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ፓምፑ እየሠራ ሳለ ድምፅ አልነበረም። ፓምፑ ሲጠፋ አንድ ነገር ሰማች። ትንሽ ነው። ደረቅ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ነው። ጤነኛ ኩሽኔታ እንዲህ አይልም።

እዚያው እንደ ተንበረከከች ነገሩ ግልጽ ሆነላት። የሙቀት መለኪያው የሚቀበረው በፓዱ ጅራት በኩል ነው፤ ዘይቱ ተጨምቆና ሞቆ የሚወጣበት ጫፍ ያ ስለሆነ። ፓዱ ዞሮ ከተገጠመ መለኪያው ቀዝቃዛ ዘይት የሚገባበት ጫፍ ላይ ይውላል። ያኔ ኩሽኔታው እየነደደ እንኳን ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። አርባ አንድ ዲግሪ ማለት አሥራ ሁለቱም ፓዶች ዞረዋል ማለት ነው። አራት ሰዓት ላይ ፓምፑ ጠፍቶ ዘንጉ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የሚሆነውን ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ክንዶቹን ደግሞ ያስተማረቻቸው እሷ ራሷ ናት።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ርክክብ ይባል ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከመሰናበቱ በፊት የእጁን ዕውቀት ለአዋቂው አስረከበ። ትርንጎ የሚመዘግብ ጓንት አጥልቃ አርባ ቀን ሙሉ ስትፈታና ስትገጥም ጓንቱ እጇን አጠና። ፓዶቹ የሚገጠሙት ከሥር ነው፤ ሰው በጠባቡ መግቢያ ሾልኮ ጣውላ ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ወደ ላይ እያየ ይሠራል። የደኅንነት ደንቡ ግን ከሸክም ሥር መተኛትን ይከለክላል። በደንቡ መሠረት ቆሞ በመስኮት በኩል ልሥራ ያለ ሰው አንድ ቀን የሚወስደውን ሥራ በሳምንት አይጨርስም። ስለዚህ ድፍን ወርክሾፑ ይተኛል፤ ድፍን ወርክሾፑ ፎርሙ ላይ «ቆሜ» ብሎ ይጽፋል። አለቃውም ያውቃል፤ አለቃውም ድሮ ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት የኖረ ልማድ ነው፤ ውሸት ነው ብሎ ያሰበው ሰው አልነበረም።

ጓንቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጠየቃት። «ቆመው ነው የሚሠሩት ወይስ ተኝተው?»

«ቆሜ» አለች ትርንጎ። ጋሽ ደምለው አጠገቧ ተጋድመው መብራት ይዘውላት ነበር፤ ሰምተው ፈገግ እንኳን አላሉም። ጓንቱ እጇን እንጂ ጀርባዋን አያይም። የተኛ ሰው ቀኝ ለቆመ ሰው ግራ ነው፤ አዋቂው ቆማለች ብሎ ሁሉን ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ክንዶቹ ፓድ የቀየሩለት ማሽን ስላልነበረ፣ የሁለተኛው ዩኒት ኩሽኔታ ሲቀልጥም አዲሱ ከነፓዶቹ ከፋብሪካ ተገጥሞ ስለመጣ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቀው ኖረ።

ደረጃውን በጥድፊያ ወጣች። ሦስት ሰዓት አልፏል።

«ጉልላት፣ ስማኝ። ዛሬ አትፈርም።»

«ምን ሆኑ እትዬ? ፊትዎ ጠቁሯል።»

«ፓዶቹ ዞረዋል። አትፈርም አልኩህ።»

ጉልላት ወደ ሰሌዳው አየ፣ ወደ እሷ አየ። «በምን ምክንያት ብዬ?»

ጥያቄው የቂል አልነበረም። ፈራሚ በዕድሜው ሦስት እምቢታ አለው፤ ሦስተኛውን የተጠቀመ በማግስቱ ስሙ ይወርዳል። ጉልላት ሁለቱን ጨርሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ማሽኑ ተከፍቶ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ደግሞም እምቢታ ከጉድለቶች ዝርዝር ውስጥ አንዱን መጥቀስ አለበት። ያልጠቀሰ ሰው እንደ ቀረ ይቆጠርና ሌላ ከተማ ያለ ፈራሚ፣ ማሽኑን አይቶት የማያውቅ፣ በርቀት ይፈርማል። ማሽኑ ለማንኛውም ይነሳል።

ትርንጎ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «የፓዶቹ ሙቀት ከልክ በታች ነው» አለች።

«ዝቅተኛ ሙቀት በጉድለት ዝርዝር ውስጥ የለም» አለ አዋቂው።

«የሚወጣው ዘይት ሞቋል።»

«በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው።»

«ድምፅ ሰምቻለሁ።»

«በዚህ ማመንጫ በጆሮ መስማት እንደ መለኪያ አልተመዘገበም። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።»

ጉልላት ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ካልፈረምኩ እወርዳለሁ፤ ማሽኑም ይነሳል። ከፈረምኩና እርስዎ እንዳሉት ከሆነም እወርዳለሁ። እና ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ!»

ትርንጎ መልሱን ታውቅ ነበር። ማሽኑን የሚያቆም አንድ ነገር ብቻ አለ፤ በርክክቡ ጊዜ ለጓንቱ የተነገረ ቃል እንደ ምስክርነት ይቆጠራል፤ ምስክርነቱን የሰጠው ሰው ራሱ ላርም ካለ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ነገር ግን ምስክርነቱን ያረመ ሰው ሐሰት መስክሬአለሁ ማለቱ ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ቅጣት ደግሞ የታወቀ ነው። «ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ፈራች፤ በጣም ፈራች። በሩን አሰበች፣ አግዳሚውን አሰበች፣ ዝናቡን አሰበች። ዝም ብትልስ? ነጩ ብረት ይቀልጣል፤ ክንዶቹ ፍርስራሹን ጠራርገው ይጥሉታል፤ ማን ፓዱ ወዴት ዞሮ እንደነበር ያያል? የጋሽ ደምለውን የቀለጠ ኩሽኔታም ያየ የለም። ፊርማው የጉልላት ነው። ልጅ ነው፣ ጉልበት አለው፣ እንደ ምንም ይኖራል። እንዲህ ብላ አሰበች፤ አንድ ጊዜም ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ አሰበችው። ከዚያ እጇን ኪሷ ውስጥ ስትከት የጠዋቱ የስኳር ወረቀት ባዶውን እጇ ላይ መጣ። በራሷ አፈረች። ተነሳች።

ስትደርስ ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጉልላት ሰሌዳው ፊት ቆሞ መዳፉን በሱሪው ላይ ያደርቅ ነበር። አልወሰነም፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«እጅህን አንሳ» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ትርንጎ ሰብስቤ ነኝ። የርክክብ ምስክርነቴን ላርም እፈልጋለሁ» አለች።

ሰሌዳው ላይ የነበረው ቁጥር ሁሉ ጠፋ።

«ያረጋግጡ» አለ አዋቂው።

«አረጋግጣለሁ።»

«የሚታረመው የትኛው ቃል ነው?»

«ቆሜ ያልኩት። ተኝቼ ነበር።»

«እትዬ!» አለ ጉልላት።

አራተኛው ዩኒት አልተነሳም። ክንዶቹ ወርደው ኩሽኔታውን ለመክፈት ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። አሥራ ሁለቱም ፓዶች ዞረው ተገኙ። ሁለቱ ላይ፣ ቅቤ በጥፍር እንደ ተጫረ፣ ቀጭን ጭረት ነበረባቸው፤ የቀሩት ገና አልተጎዱም። አዋቂው እስኪያጣራ ድረስ ሁለቱ ፈራሚዎች ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ትክክል ነዎት» አለ በመጨረሻ። «ትክክል ስለሆኑም ምስክርነትዎ ሐሰት ነበር። ስምዎ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመዝገብ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ የፓዶቹን ርክክብ በድጋሚ ቢፈጽሙልን ደስ ይለናል።»

ፈጸመች። እምቢ ብትልም መብቷ ነበር፤ ግን ሦስቱም ሌሎች ማሽኖች በዚሁ ትምህርት ሊሠሩ ተራ ይዘው ነበር፤ እዚያ ላይም የሚፈርመው ሰው ነው። ጓንቱን አጥልቃ በጠባቡ መግቢያ ሾለከች፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ጣውላው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። ወገቧ ጮኸ። ጉልላት የተኮሰውን ሸሚዙን ዘይት እያስነካ አጠገቧ ገብቶ መብራት ያዘላት።

«ቆመው ነው የሚሠሩት ወይስ ተኝተው?» አለ ጓንቱ።

«ተኝቼ» አለች ትርንጎ።

ከፓዶቹ ሁለቱን እሷ ገጠመች፤ የቀሩትን ክንዶቹ ከእጇ ተምረው ገጠሙ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጉልላት ፈረመ፤ አራተኛው ዩኒት ተነሳ። ቁጥሮቹ ቀስ ብለው ወጥተው ሃምሳ አምስት ላይ ቆሙ። አዋቂው እንኳን ደስ ያላችሁ አላለም። ትርንጎ ካቻቢቴውን አምጥታ አንድ ጊዜ ካዳመጠች በኋላ እጀታውን ለጉልላት ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ ከጆሮው ሥር አጣበቀው።

«ምንም አይሰማኝም» አለ።

«እሱ ነው ጤናው። እንደ ዛሬ ጠዋቱ ደረቅ ነገር ከሰማህ ግን ለቁጥር እንዳትደለል።»

ጉልላት ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እጇን ሁለቱንም ያዘ። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናቴ ነዎት። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ይጠብቁኝ። ሁለት ነን እላለሁ። በየቀኑ እላለሁ፤ በምትወለደው ልጄ ይሁንብኝ!»

አመነችው። ስላመነችውም ካቻቢቴውን ሣጥኗ ውስጥ ትታው ወጣች፤ ነገ ትወስደዋለች። በሩ ለሚወጣ ሰው ጥያቄ የለውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ትርንጎ በእግሯ መጣች። አውቶቡሱ ሳይቆምላት አልፏል። መኖሪያ ቤቷ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ይከፍትላታል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አላሰበችውም። የሥራ ሰዓቷን ጠብቃ የለበሰችው ልብስ ንጹሕ ነበር። ጋሽ ደምለው ከአግዳሚው ቀና ብለው አዩዋት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ምነው ቆምሽ?» አሏት።

«ጉልላትን እየጠበቅኩ ነው። ያስገባኛል።»

«እህ» አሉ ጋሽ ደምለው።

«ጋሽ ደምለው፣ እኔ እርስዎን...» ብላ ጀመረች።

«ተይው። በምን ወረድሽ?»

«ቆሜ ስላልኩ። በርክክቡ ጊዜ።»

ጋሽ ደምለው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አይ ጉድ! መብራት የያዝኩልሽ ጊዜ? እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የጻፍኩት!» ትርንጎም ሳታስበው ሳቀች።

ጉልላት ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲል ሳቁ ቆመ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ትርንጎ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ በሩ ጠጋ አለች። ሲቀርብ እርምጃው ቀነሰ። አላያትም። መሬት መሬት ያያል። ያን አንገት አደፋፍ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ብቻዎን ነዎት?» አለ በሩ።

ጉልላት ከወትሮው ይልቅ ቆየ። በሩ ጥያቄውን ሊደግም ሲል ትከሻው ወደ ታች ወረደ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ።

በሩ ተከፈተ። ሊገባ ሲል ግራ እጁ ከጎኑ ተፈታና አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት አግዳሚው ጫፍ ላይ ጣል አደረገ። ዞር አላለም። በሩ ተዘጋ።

አልተናደደችም ማለት ውሸት ነው፤ ተናደደች፣ ደረቷ እስኪነድ ድረስ ተናደደች። ግን የምትሰድበው ቃል ስታጣ ቆየች። የምትለው ሁሉ መጀመሪያ እሷን የሚነካ ነበር።

ጋሽ ደምለው ወደ ዳር ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች። ሲሚንቶው ከሥራቸው በጣም በስሱ ይርገበገባል፤ አራቱም ማሽኖች እየሠሩ ነው። መዳፏን አግዳሚው ላይ ዘርግታ አዳመጠች።

«አራተኛው ደህና ነው?» አሉ ጋሽ ደምለው።

«ደህና ነው።»

ወረቀቷን ፈታቻት፤ ከቤቱ ሰፍሮ ያመጣው ስኳር ነው፤ እንደ ጠበቀችው ሁለት ማንኪያ ነበር። ግማሹን በጋሽ ደምለው መዳፍ ላይ አፈሰሰችላቸው፤ የቀረውን ምላሷ ላይ አደረገች። «ለደምዎ ሲባል» ያላት ማንም አልነበረም።